ትልቅ የጥንቸል ኬጅ ቤት ውስጥ፦ ንጣፉን፣ ወለሉንና ማጽጃውን እንዴት እንምረጥ?

በእኛ አካባቢ ጥንቸልን ለሥጋዋ ብሎ የሚይዝ ሰው ብዙም አይገኝም። ቤት የምትገባው ልጆች ስለሚወዷት ነው። መጀመሪያ ካርቶን ውስጥ ትቀመጣለች። ስታድግ ወይም ጓደኛ ሲመጣላት ትልቅ ኬጅ ይሠራላታል። ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ ሽታው ይጀምራል፣ ከዚያ "ትውጣልን" የሚል ንግግር ይነሳል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለምና። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከሥሯ ያነጠፍንላት ነገር ነው።

ውጭ ትደር እንዳይባል ድመት አለ፣ ውሻ አለ፣ ሲመሽ ደግሞ ጅብ አለ። ብርዱን ፈርቶ የሚያስገባትም አለ። ግን ጥንቸልን ከብርድ ይልቅ የሚጎዳት ሙቀት ነው። ከነፋስ የተከለለ ደረቅ ማደሪያ ካላት የደብረ ብርሃንን ውርጭ ትችለዋለች። የማትችለው እርጥበትን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ሁሉ የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሽንቱን ከእግሯና ከአፍንጫዋ ቶሎ የሚያርቅላት የቱ ነው?

ሽታው ከየት ይመጣል?

የጥንቸል በጠጥ አይሸትም ማለት ይቻላል። ደረቅ፣ ድቡልቡል፣ የተፈጨ ሣር ነው። የሚሸተው ሽንቷ ነው። እርጥብ ንጣፍ ላይ ሲቆይ ባክቴሪያዎች ይሰባብሩትና አሞኒያ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ዓይን የሚያቃጥለው፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠው እሱ ነው።

ጥንቸል የምትተነፍሰው በአፍንጫዋ ነው፤ አፍንጫዋ ደግሞ ከንጣፉ ብዙም አይርቅም። እኛ ቆመን ያልሸተተን አሞኒያ እሷን ሲያቃጥላት ይውላል። ማስነጠስ፣ ንፍጥ፣ የዓይን እንባ ይከተላል። ሲብስ ሳንባዋ ይታመማል።

ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱ ስለሚበርድ መስኮት ይዘጋል፣ የበሩ ሥር በጨርቅ ይወተፋል። አየሩ አይለወጥም። አዲስ አበባ ላይ በሳምንት አንድ ጊዜ መቀየር የሚበቃው ንጣፍ እዚህ ላይበቃ ይችላል።

ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። ጠዋት ከውጭ እንደገባችሁ፣ አፍንጫችሁ ቤቱን ሳይለምደው፣ ኬጁ አጠገብ ተንበርከኩና በእሷ ቁመት ልክ አሽትቱ። ከሰነፈጣችሁ ንጣፉ አልፎበታል። ቤት ውስጥ የዋለ አፍንጫ ግን አይታመንም።

ሽታውን ለመሸፈን ተብሎ የሚደረጉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱንም ተዉአቸው እላለሁ። አንዱ ማጠን ነው። ዕጣንም ሆነ ወይራ ጭስ ነው፣ ጭሱም በአሞኒያ የተቆጣውን የመተንፈሻ አካሏን ይብሱን ያስቆጣዋል። ቡና የሚፈላበት ክፍልና ኬጁ ያለበት ክፍል ቢለያዩ ጥሩ ነው። ካልተለያዩ ከሰሉና ማጨሻው ከኬጁ ይራቁ፣ በሩም ይከፈት።

ሌላው አመድ መነስነስ ነው። አመድ እርጥበት ስለሚመጥ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን አመድ አልካላይ ነው። ከሽንት ጋር ሲገናኝ ሽንቱ ውስጥ ተይዞ የነበረውን አሞኒያ ወደ አየር ይለቀዋል። ኖራም እንደዚያው ነው። ሽታውን ያባብሱታል። እርጥብ አመድ ደግሞ መዳፏን ያቆስላል። ለሽንት ቤት ጉድጓድ የሚረዳ ነገር ሁሉ ለኬጅ አይሆንም።

ንጣፍ

ምርጫው የሚከብደው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልሂድበት።

ሰጋቱራ። ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። እንጨት ቤት ሄዶ አንድ ማዳበሪያ ማስሞላት ቀላል ነው፣ ዋጋውም አይከብድም። ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ከመጋዙ ሥር የሚጠራቀመው ብናኝ ለጥንቸል መጥፎ ነው። አፍንጫዋና ዓይኗ ውስጥ ይገባል፤ ሽንት ሲነካው ደግሞ ሊጥ ይሆንና መዳፏ ላይ ይጣበቃል። የሚፈለገው እንጨቱ ሲላግ የሚወጣው ጥቅልል ፍቅፋቂ ነው። በመካከሉ አየር ስላለው ሽንቱን ይመጠዋል፣ ላዩም ቶሎ አይጨቀይም።

ቀጥሎ የሚጠየቀው የምን እንጨት እንደሆነ ነው። አናጺውን "ዛሬ ምን ስትሠሩ ነበር?" ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። ጥድ፣ የፈረንጅ ጥድና ባህር ዛፍ ጠንካራ መዓዛ ያለው ዘይት አላቸው። ለእኛ ቤቱን ደስ የሚያሰኘው ያ መዓዛ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለትንሽ እንስሳ ሸክም ነው። የመተንፈሻ አካሏን ያስቆጣል፣ ጉበቷም ላይ ሥራ ያበዛል። ሌላ ከሌለ ፍቅፋቂውን ሸራ ላይ ዘርግቶ መዓዛው እስኪጠፋ ድረስ ፀሐይ ማስመታት ነው። እንደ ዋንዛ ያለ መዓዛው ለዘብ ያለ እንጨት ከተገኘ ግን እሱ ይሻላል።

ኤምዲኤፍና ቺፕውድ የሚቆርጥ ቤት ከሆነ አትውሰዱ። እነዚህ በሙጫ የተጋገሩ ናቸው፣ ብናኛቸውም ከእንጨቱ ጋር ተቀላቅሎ ነው ወለል ላይ የሚገኘው። ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት ፍርፋሪም እንደዚያው። ያመጣችሁትን ፍቅፋቂ ከማንጠፋችሁ በፊት በእጃችሁ በተን በተን አድርጉት። ምስማር፣ ስቴፕል፣ የብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ አይጠፋውም።

የጤፍ ጭድ። ለደጋው ጥንቸል ምርጫዬ ይህ ነው። ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ መዳፏን አይወጋም። ሽንቱን ከገብስ ገለባ የተሻለ ይይዛል። ብታኝከውም አይጎዳትም። ክምር አድርጋችሁ ብትሰጧት እየቆፈረች ትገባበታለች፣ በብርድ ሌሊትም ይሞቃታል። ከምንጃርና ከሞረትና ጅሩ የሚመጣው ጭድ ጥሩ ነው። ግን ጭድ የከብት መኖ መሆኑን አንርሳ። የጅሩ ሰንጋ የሚደልብበት አገር ላይ ጭድ ዝም ብሎ የሚገኝ ነገር አይደለም። ጥንቸል ደግሞ የምትፈልገው ጥቂት ነው። አውድማ ከተነሳ በኋላ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ብዙ በሚገኝበት ጊዜ ሁለት ሦስት ማዳበሪያ ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል።

ጭድ ሁለት ጠላት አለው። አንዱ አቧራው ነው። ሁልጊዜ ውጭ አራግፉት እንጂ ኬጁ አጠገብ አትዘርግፉት። ሌላው ሻጋታ ነው። ክረምት ላይ ማዳበሪያው ሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ ከሥሩ ይረጥብና ይሻግታል። ርብራብ ላይ ይቀመጥ፣ ከግድግዳም ራቅ ይበል። እጃችሁን ማዳበሪያው ውስጥ እስከ ታች አስገቡ። ከሞቃችሁ፣ ከቀዘቀዛችሁ ወይም የአፈር ሽታ ከሸተታችሁ ያ ጭድ አብቅቶለታል። የሻጋታ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ይቀራል። ሽንት ያለበት ንጣፍ እንኳ ከሻገተ ጭድ ይሻላል።

የገብስ ገለባ። ባሶና ወራና፣ አንጎለላ፣ መንዝ ያለ ሰው ጤፍ ፍለጋ መድከም የለበትም፤ ገብስ በደጁ ነው። ችግሩ አገዳው ውስጡ ባዶ፣ ላዩ ልሙጥ መሆኑ ነው። ሽንቱን አይመጥም፣ ወደ ታች ያሳልፈዋል። ለብቻው ከተነጠፈ ከሥሩ ኩሬ ይሆናል። ይኸው ጠባዩ ግን እንደ ላይኛ ንጣፍ ጥሩ ያደርገዋል። ከሥሩ የሚመጥ ነገር ካለ ሽንቱ ወደዚያ ይወርዳል፣ እሷ የምትቀመጥበት ደግሞ ይደርቃል። በተረፈ የገብሱ ዛላ ላይ ያለውን ሹል ጭራ መሳይ ነገር በደንብ አበጥራችሁ አውጡት። ዓይኗ ወይም ድዷ ላይ ከተሰካ ቁስል ነው።

ወረቀትና ካርቶን። ለብቻቸው ንጣፍ አይሆኑም። እርጥበቱን ቶሎ ይመጡና ተኝተው ይቀራሉ። ከሥር የሚሆን መጣጭ ሲፈለግ ግን ከእነሱ የሚረክስ የለም። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚጣለው ወረቀት፣ ያረጀ ጋዜጣ፣ ሱቅ የሚቀረው ካርቶን ሁሉ ያገለግላል። የሚያንጸባርቅ የመጽሔት ወረቀት አይመጥም። ካርቶኑ ላይ ያለውን ፕላስተርና ስቴፕል ግን ንቀሉ፤ ጥንቸል ያገኘችውን ሁሉ ታኝካለች።

ጨርቅና ብርድ ልብስ። በውጭ አገር የሚታዩ ቪዲዮዎች ላይ ኬጁ በሙሉ በሚያምር ጨርቅ ተሸፍኖ ይታያል። ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የምትታወቅ ከተማ ናት፤ ቤታችንም ያረጀ ብርድ ልብስ አያጣም። ስለዚህ ሐሳቡ ይማርካል። ግን የውጭዎቹ የሚጠቀሙበት ጨርቅ እርጥበት የማይዝ፣ ሽንቱን ከሥሩ ወዳለው መጣጭ የሚያሳልፍ ዓይነት ነው። የእኛ የሱፍና የጥጥ ብርድ ልብስ ሽንቱን ራሱ ይይዘዋል፣ ለመድረቅም ብዙ ጊዜ ይወስዳል። የመንዝ ባናና ዝተትማ አንዴ ከራሰ ክረምቱን ሙሉ ላይደርቅ ይችላል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በየሁለት ቀኑ የሽንት ጨርቅ በእጅ ማጠብ ማንንም ያሰለቻል። ክሩን ካኘከችና ከዋጠች ደግሞ አንጀቷን ሊዘጋው ይችላል፤ ጥንቸል ማስመለስ አትችልም።

ጨርቅን ፈጽሞ አልጥልም። መዳፏ ለቆሰለ ወይም ላረጀች ጥንቸል መኝታዋ ላይ ጫፉ የተቀመቀመ፣ ክር የማይመዘዝለት ቁራጭ መልካም ነገር ነው። መኝታዋ ላይ ብቻ ይሁን።

ለደጋው ሰው እንግዲህ ከሥር ካርቶን ወይም ፍቅፋቂ፣ ከላይ የጤፍ ጭድ እላለሁ። ጤፍ ከሌለ ከሥር ያለውን ወፈር አድርጎ ከላይ የገብስ ገለባ።

ጥጓን እወቁላት

ከንጣፍ ምርጫ ሁሉ የበለጠ ሥራ የሚቀንሰው ይህ ነው። ጥንቸል በተፈጥሮዋ ሽንቷን አንድ ጥግ ላይ ታደርጋለች። ያንን ጥግ አይቶ እዚያ ላይ ሽንት መቀበያ የሚያስቀምጥ ሰው ኬጁን በሙሉ ሳይሆን አንድ ዕቃ ብቻ ነው የሚያጸዳው። ኬጁ በትልቅነቱ መጠን ጥቅሙም ይጨምራል።

ለመቀበያ ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ሳፋ ነው። ቀላል ነው፣ ግን ጠርዙ ከፍ ካለ ትንሽ ወይም ያረጀች ጥንቸል ለመውጣት ትቸገራለች። ስስ ከሆነም ገልብጣ ትጫወትበታለች። ሌላው ባለ 20 ሊትር ቢጫ የዘይት ጄሪካን ነው። እኔ ጄሪካኑን አስበልጣለሁ። በጎኑ ይጋደምና ከላይ የዋለው ጎን በቢላ ይቆረጣል። ከፊት ለፊት መግቢያ እንዲሆን ወደ አንድ ስንዝር ስፋት ዝቅ ተደርጎ ይከፈታል፣ ሦስቱ ጎኖች ግን ከፍ እንዳሉ ይቀራሉ። ብዙ ጥንቸሎች ጅራታቸውን ቀና አድርገው ወደ ኋላ ስለሚሸኑ ያ ከፍታ ግድግዳውን ያድናል። የተቆረጠው ጠርዝ ስለታም ነው። ቢላዋውን እሳት ላይ አግላችሁ ጠርዙን ዳበስ ዳበስ ብታደርጉት ይቀልጥና ይለሰልሳል፤ ይህን ውጭ ላይ ሥሩ፣ ጭሱ መጥፎ ነው። ጄሪካኑ ቀድሞ በኦሞና በፈላ ውኃ ይታጠብ። የኬሚካል ወይም የነዳጅ ጄሪካን ግን በምንም ቢታጠብ አይሆንም።

ውስጡ ከሥር የተቀደደ ካርቶን ሁለት ሦስት ድርብ፣ ከዚያ ሦስት ጣት የሚያህል ፍቅፋቂ፣ ከላይ ጭድ ይደረጋል። አጠገቡ ወይም በላዩ ድርቆሽ (የደረቀ ሣር) ስቀሉላት። ጥንቸል እየበላች መጸዳዳት ስለምትወድ ድርቆሹ ራሱ ወደዚያ ይጠራታል።

መቀበያውን ስታጸዱ ጥቂት በጠጥና ትንሽ ሽንት የነካው ጭድ መልሳችሁ አስቀምጡበት። ሁሉንም ሽታ አጥፍታችሁ ብትመልሱት ቦታዋን ትረሳዋለች፣ ወይም እንደገና ለማስለመድ በየቦታው ትሸናለች። ሌላ ጥግ ላይ መሽናት ከጀመረች ከመታገል መቀበያውን ወደመረጠችው ቦታ ማዛወር ይቀላል።

ወለሉ

ሽቦ ወለል ከሥሩ ትሪ ያለው ኬጅ ለእኛ በጣም ምቹ ነው። በጠጡና ሽንቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ትሪው ተስቦ ይደፋል። ለእሷ ግን አይመችም። ጥንቸል እንደ ውሻና ድመት መዳፏ ሥር ወፍራም ቆዳ የላትም፤ ያላት ፀጉር ብቻ ነው። ሽቦ ላይ የምትኖር ጥንቸል የኋላ እግሯ ተረከዝ ይላጣል፣ ይቆስላል፣ ያመረቅዛል። ከባድ ከሆነች ቶሎ ይደርስባታል። ሽቦ ወለል ያለው ኬጅ ካላችሁ አትጣሉት። ከግማሽ በላይ የሚሆነውን በጣውላ ሸፍኑላትና ሽቦው መቀበያው ባለበት በኩል ብቻ ይቅር።

ጣውላ ወለል ይሞቃል፣ እግሯንም ይይዝላታል። ግን ሽንት ይጠጣል። የጠጣ ጣውላ ደግሞ ምንም ቢታጠብ እርጥበት ባገኘ ቁጥር እንደገና ይሸታል። ቀለም ልቀባው እንዳትሉ ታኝከዋለች። ያለው መላ ጣውላውን ከላይ በወፍራም የፕላስቲክ ምንጣፍ መሸፈን ነው። ጠርዙን እንዳታኝከው በጣውላ ክፈፍ ሥር ቀብሩት። ምንጣፉ አንሸራታች ስለሆነ በባዶው አይተው፤ ጭድ ይነጠፍበት።

ላሜራ ትሪ ማሠራት ለሚችል ሰው፣ ትልቅ ኬጅ ላይ ገንዘቡ የሚገባው እዚህ ነው። ጥቁር ላሜራ በሽንት ቶሎ ይዝጋል፣ የዛገ ብረት ደግሞ አይጸዳም። ዚንክ የተለበጠው ይሻላል። በያጁን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ጠርዙ አራት ጣት ያህል ወደ ላይ ይታጠፍ፣ ማዕዘኑም ክፍተት አይኑረው። ሽንት ተደብቆ የሚሸተው ማዕዘን ላይ ነው። ላሜራ ብርድ ስለሚይዝ በደጋ ጭዱ ወፈር ይበል።

ሲሚንቶ ወለል ላይ ያለ ኬጅ ከሆነ ሲሚንቶ ሽንት እንደሚጠጣ አስቡ። ኬጁ እግር ይኑረው፣ ከሥሩም ለመጥረጊያ የሚሆን ክፍተት ይቅር።

ማጽጃ፦ አቼቶ፣ በረኪና ወይስ ፀሐይ?

ለዘወትር ሙቅ ውኃና ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና በቂ ነው።

መቀበያው ሥር የሚጋገረው ነጭ ኖራ መሳይ ነገር ግን በሳሙና አይለቅም። ጥንቸል ከምግቧ የተረፈውን ካልሲየም የምታስወጣው በሽንቷ ነው፣ እሱ ነው የሚደርቀው። ለዚህ አቼቶ የሚስተካከለው የለም። ሳይበረዝ አፍስሱበት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። አረፋ እያወጣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ በፕላስቲክ ፍግፋጊ ሲነካ በቅርፊት በቅርፊት ይነሳል። ሎሚም ይሠራል። አቼቶ አሞኒያንም ስለሚያከሽፍ ሽታው አብሮ ይጠፋል። አልፋልፋ የምታበዙላት ከሆነ ኖራው ይበዛል፣ እሱም ቀነስ ቢል ነው።

በረኪና የዘወትር ማጽጃ አይደለም። በሽታ ሲገባ፣ ተቅማጥ ሲኖር ወይም የሌላ ጥንቸል ኬጅ ስትወርሱ ነው የሚያስፈልገው። አጠቃቀሙ ላይ ግን አደራ። በረኪና ከሽንት አሞኒያ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ሲገናኝም ሌላ፣ የባሰ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። መስኮት ዘግቶ በብርድ ቀን ይህን ማድረግ ለሰውም አደጋ ነው። ስለዚህ ጥንቸሏ ትውጣ፣ ኬጁ ውጭ ይውጣ፣ ንጣፉ ይነሳ፣ በሳሙና ይታጠብ፣ በውኃ ይለቅለቅ። በረኪናው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውኃ በጥብጣችሁ ቀቡትና አሥር ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፣ እስኪደርቅና ሽታው እስኪጠፋ ጠብቁ። አቼቶ በዚያን ቀን አይነካ። የተበጠበጠው በረኪና ለነገ አይቀመጥም፣ ኃይሉን ያጣል። ዚንክ ሽቦና ላሜራንም ስለሚበላ አታዘውትሩት።

ፀሐይ ከሁሉ ርካሽ ናት። የበጋው የደብረ ብርሃን ፀሐይ ንፋሱ ተጨምሮበት የታጠበ ትሪና ጣውላ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ያደርቃል። ትልቁን እጥበት ጠዋት ላይ አድርጉት። ሳይደርቅ የተመለሰ ኬጅ ካልታጠበ ኬጅ አይሻልም።

ጥንቸሏን ራሷን ግን አትጠቡ። ራሷን በምላሷ ታጸዳለች። ብርድ አገር ላይ ውኃ ውስጥ መነከር በድንጋጤም በብርድም ሊገድላት ይችላል። ከኋላዋ የተጣበቀ ካለ እዚያው ላይ ብቻ ለብ ባለ እርጥብ ጨርቅ ጠርጉና ወዲያው አድርቋት።

ቆላና ጉም አገር ላሉት

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ከሆናችሁ ከላይ ያልኩት የተወሰነው ይገለበጣል። እዚያ የምትፈሩት ሙቀትንና ዝንብን ነው። ጭድ አታወፍሩ፣ ላሜራው በባዶው ቀዝቃዛ መሆኑ እንዲያውም ይጠቅማታል፤ ፀሐይ እንዳያገኘው ብቻ ተጠንቀቁ። መቀበያው በየቀኑ ይቀየር። ዝንብ ሽንትና ሰገራ የነካው ፀጉር ላይ እንቁላሉን ይጥላል፣ ትሉም ቆዳዋን ይበላል። ይህ በአንድ ቀን ውስጥ ሊገድል የሚችል ነገር ነው። በሙቀት ወራት ኋላዋን ጠዋትና ማታ አገላብጣችሁ እዩ። ትል ካያችሁ ለነገ ሳትሉ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት።

አንኮበርና ጣርማ በር ላሉት ደግሞ ጉሙ ነው ነገሩ። ጭዱ ሳይሸናበትም ከአየሩ ይረጥባል። እዚያ ከጭድ ይልቅ ወረቀትና በደንብ የደረቀ ፍቅፋቂ ይሻላል፣ ትንሽ ትንሽ እየተባለ ቶሎ ቶሎ ይቀየር።

ስንት ጊዜ?

መቀበያው በየቀኑ፣ ቢበዛ በሁለት ቀን። የረጠበ ጭድ ባያችሁ ቁጥር እሱን ብቻ አንስታችሁ ጣሉ። ንጣፉ በሙሉ በሳምንት አንዴ፣ ሁለት ሦስት ጥንቸል ካሉ ወይም ቤቱ ተዘግቶ ሽታው ከሰነፈጠ ደግሞ ቶሎ ይቀየር። ወለሉን ማጠብ በወር አንድ ሁለቴ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ኬጁ እየጨቀየ ካስቸገራችሁ የምትበላውን ተመልከቱ። ጎመንና ፉሩሽካ የበዛባት ጥንቸል በጠጧ ይለሰልሳል፣ ጭዱ ላይ ይለጠፋል። የምግቧ አብዛኛው ሣርና ድርቆሽ መሆን አለበት። ሌሊት ላይ የምታወጣው እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ለስላሳ ኩስ ግን በሽታ አይደለም። መልሳ ትበላዋለች፣ መብላትም አለባት። ሽንቷ አንዳንዴ ቀላ ካለም አትደንግጡ፤ ከምትበላው ቅጠል ሊመጣ ይችላል። ለመሽናት እያማጠች ከሆነ ወይም ጠብታ ደም ካያችሁ ግን ሐኪም ነው።

ውኃዋን በቀላል የፕላስቲክ ሳህን ከሰጣችኋት ትደፋዋለች፣ ንጣፉንም የምታረጥበው ሽንቷ ሳይሆን ያ ውኃ ሊሆን ይችላል። ከባድ የሸክላ ጣባ አይገለበጥም። ለትንንሽ ልጆች ደግሞ ኬጅ ከነኩ በኋላ እጅ መታጠብን አስለምዷቸው፤ የቆዳ ጭርት ከጥንቸል ወደ ሰው ይተላለፋል። ኬጁ የሚታጠብበት ሳፋና ፍግፋጊም ከወጥ ቤቱ ይለይ።

የሚወጣውን ንጣፍ በፌስታል አስራችሁ ቆሻሻ ላይ አትጣሉት። የጥንቸል በጠጥ እንደ ዶሮ ኩስ ተክል አያቃጥልም። ሳይብላላ በቀጥታ ጎመኑና ድንቹ ሥር ሊበተን ይችላል። ሰላጣና ሌላ በጥሬው የሚበላ አትክልት ላይ ግን አይደረግ። ሽንት የነካውን ጭድና ካርቶን ለብቻ ጓሮ ጥግ ላይ ከምሩት፣ አፈር ጣል ጣል አድርጉበት፣ ክረምቱ ያበስለዋል። ፍቅፋቂው ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድ ከጭዱ ለይታችሁ ከምሩት።